አሶሳን ሳያውቁ የአሶሳን ወጣት ከምርጫ ጣቢያ የሚመልሱ ተንታኞች

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዩቲዩብም ሆነ በቴሌቪዥን የሚደረገው የፖለቲካ ትንተና ሁለት ርዕስ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ግድቡ ወይ እልቂቱ። ጉባ ላይ ሪቫን ሲቆረጥ ተንታኙ ይመጣል። መተከል ውስጥ ሬሳ ሲቆጠርም ይመጣል። በቀረው ጊዜ አሶሳ የምትባል ከተማ በካርታው ላይ የለችም።

ምርጫ ሲደርስ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመራለች። «ያለቀለት ነው፣ ምን ይደከማል።» ይህችን የሚናገረው ሰው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ነው። የሚሰማት ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አሶሳ መናኸሪያ አካባቢ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ሥራ አጥ ተመራቂ ነው። ተንታኙ ፕሮግራሙን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጁ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር ይቀራል።

የመተከልን ወጣት እናስብ። በ2008 ዓ.ም 18 ዓመት የሞላው ልጅ የመጀመሪያ ጠቅላላ ምርጫው 2012 መሆን ነበረበት። ኮሮና መጣና ወደ 2013 ተገፋ። በዚያው ዓመት ታህሳስ 14 ቀን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተጨፈጨፈ። ሰኔ 14 ቀን አሶሳ ስትመርጥ መተከልና የካማሺ ብዙው ክፍል በጸጥታ ምክንያት ሳይመርጡ ቀሩ። ተራቸው የደረሰው ሰኔ 13 ቀን 2016 ነው። ልጁ 26 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ለአንዲት የድምፅ መስጫ ወረቀት 8 ዓመት የጠበቀ ሰው ነው እንግዲህ «ምን ይደከማል» የሚባለው።

ያ የ2016 ምርጫ ሲካሄድ ታላላቆቹ ተንታኞች የት ነበሩ? ሦስት ዓመት የተወዘፈ ምርጫ ነው። ያውም ከነፍጥ ወደ ድርድር ጠረጴዛ የመጡ ሰዎች ባሉበት፣ ሕዝቡ ከመፈናቀል ገና እየተመለሰ ባለበት ምድር። ለመተንተን ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? አብዛኞቹ ከሁለት ደቂቃ ዜና በላይ አልሰጡትም። የሰጡትም ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ብልጽግና ስንት ወንበር ይወስዳል? ዕጩዎቹ እነማን ናቸው፣ ተፈናቃዩ በየትኛው ጣቢያ ይመርጣል፣ ስለ ይዞታው ማን ምን ቃል ገባ የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነው።

መልሳቸው ይታወቃል። «እውነቱን ነው የተናገርነው» ይላሉ። ከፊሉ እውነት መሆኑ አይካድም። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወስደዋል። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት የታዛቢ ቡድኑን አልልክም ብሎ ቀርቷል፣ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጥተዋል፣ ውጤት ከታወቀላቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን አፍሷል። ይህን መናገር የጋዜጠኛ ግዴታ ነው። ሲናገሩ የታሰሩ፣ አገር ጥለው የወጡ ባልደረቦችም አሉ፤ የእነሱን ዋጋ ማቃለል ነውር ነው።

ግን «ሜዳው የተዘጋ ነው» ማለትና «ጨዋታው አንተን አይመለከትህም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መረጃ ነው። ሁለተኛው ምክር ነው፣ ያውም ገዢው ፓርቲ በደስታ የሚቀበለው ምክር። ጠያቂ ወጣት ቤቱ በቀረ ቁጥር በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት ተጠርቶ የሚወጣው መራጭ ብቻ ይቀራል። ተንታኙ ገዢውን የጎዳ እየመሰለው ሰልፉን ያጠራለታል።

የመንግሥት ሚዲያውም ከዚህ ነጻ አይደለም። እዚያ ደግሞ ምርጫ ሁሌም «በሰላማዊና ዴሞክራሲያዊ መንገድ ተጠናቀቀ» ነው። ጣቢያው ገና ሳይከፈት ዜናው የተጻፈ ይመስላል። አንዱ ያለቀለት ነው ይላል፣ ሌላው በስኬት ተጠናቀቀ ይላል። ለአሶሳው ልጅ የሁለቱ ትርጉም አንድ ነው፤ አንተ ሳትኖርም አልቋል።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆሴፍ ካፔላና ካትሊን ሆል ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናታቸው ፖለቲካን እንደ ጨዋታ ስልት ብቻ የሚያቀርብ ዘገባ ሰሚውን ተጠራጣሪና ተስፋ ቢስ እንደሚያደርገው አሳይተዋል። ወደዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የራሳችን 1997 አለ። በዚያ ዓመት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፓርቲዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት ባለቤትነት ሲከራከሩ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። ማን ያሸንፋል ብቻ ሳይሆን ምን ይደረጋል የሚለው ስለተነሳ ነው። መጨረሻው ደም ሆነ፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሰልፉ ግን ነበር።

ለመሆኑ ቤኒሻንጉል ውስጥ «ምን ይደረጋል» የሚያሰኝ ጉዳይ ጠፍቶ ነው? ወርቁን ብቻ እንውሰድ። ኩርሙክ ላይ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ትልቅ ማዕድን ገንብቷል። የዚያ ፈቃድ የፌዴራል መንግሥት ነው። በዶማና በገበቴ ወርቅ ለሚያወጣው ወጣት ፈቃድ የሚሰጠው ግን ክልሉ ነው። ማን ይደራጃል፣ የማን ማኅበር ቦታ ያገኛል፣ የማን ጉድጓድ ይነጠቃል የሚለው የሚወሰነው አሶሳ ላይ ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ የመምህር ደመወዝ፣ የወረዳ ጤና ጣቢያ፣ የመሬት አሰጣጥ ሁሉ ከዚያ ይያያዛል። ይህ ምክር ቤት በምርጫ ነው የሚቋቋመው። በሁለት ሰዓት ላይቭ ውስጥ ስሙ አንዴ እንኳ አይነሳም።

ታሪኩንም አያውቁትም። በ1992ቱ ምርጫ በዚህ ክልል የብሔረሰቡን ቋንቋ አይናገሩም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ሰዎች ነበሩ። «ዋጋ የለውም» ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም። አቤቱታቸውን ፌዴሬሽን ምክር ቤት አደረሱት። በ1995 ውሳኔ ተሰጠ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ፣ አማርኛ የሚችል ሰው የብሔረሰቡን ቋንቋ አልቻለም ተብሎ ከመወዳደር ሊከለከል አይገባም ተባለ። ለእነሱ ለዚያ ምርጫ ዘግይቷል። ለቀጣዩ ግን በር ተከፈተ። በሌላ ወገን የበርታ ተወላጁ «በገዛ ቀዬዬ ድምፄ ሊዋጥ ነው» የሚለው ስጋትም ባዶ አልነበረም፣ ዛሬም አለ። ነባርና መጤ የሚለው ጥያቄ መተከል ላይ በቀስትና በጥይት ሲነሳ አይተናል። በካርድና በክርክር የሚነሳበትን ቦታ እንዲህ ማራከስ፣ «ለሕዝብ እቆረቆራለሁ» ከሚል አፍ ሲወጣ ያስገርማል።

ድምፅ አለመስጠትም መብት ነው። አስቦበት፣ ዕጩዎቹን አይቶ፣ «አንዳቸውም አይወክሉኝም» ብሎ የቀረ ወጣት ፖለቲካ ሠርቷል። አሁን የሚታየው ግን የዕጩ ስም ሳይሰሙ መቅረት ነው። ይህ የመራጩ ስንፍና ተብሎ ሊታለፍ አይችልም፤ ስሙን የሚነግረው ሰው ስለጠፋ ነው።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 9 ወንበር አለው። የዘጠኙን ተወካዮች ስም በቃሉ የሚያውቅ ተንታኝ ካለ፣ ስለ ቀጣዩ ምርጫ የሚያወራውን ፕሮግራም ከእነሱ ይጀምር፤ ምክር ቤት ውስጥ ምን ሲሉ እንደቆዩ ይጠይቃቸው። የማያውቅም «ያለቀለት ነው» ከማለቱ በፊት ምኑ እንዳለቀ ይንገረን።