የድኻ ማዕድ በኤጂያን ባሕር

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላል ያገራችን ሰው። ብሂሉ ለስደተኛ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዕረፍት ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚጓዘውን ሰውም ደኅና አድርጎ ይገልጸዋል። እንግዳው ከመርከብ ወርዶ በወደቡ ዳር በተደረደሩት ምግብ ቤቶች ፊት ሲያልፍ፣ በፎቶግራፍ ያሸበረቀ የምግብ ዝርዝር ይዘረጋለታል፤ ፒዛ፣ ፓስታ፣ ሐምበርገር። የሰጡትን በልቶ፣ የጠየቁትን ከፍሎ ይነሣል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ባሕሩ ሰማያዊነትና ስለ ቤቶቹ ንጣት ብዙ ያወራል፤ ስለ ምግቡ ግን የሚተርከው የለውም።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፦ በግሪክ ደሴት ደኅና መብላት የሚሻ ሰው የደሴቲቱን የድኻ ምግብ ይጠይቅ። ይህን የምለው ስለ ቁጠባ አይደለም። ደሴቶቹ ካፈሯቸው ምግቦች ምርጦቹ ከችግርና ከጾም የተወለዱ ናቸውና፤ እነዚያን ምግቦች የሚያበቅለው መሬት ደግሞ ዛሬ ከሆቴል ጋር ግብግብ ይዟልና ነው።

ሳንቶሪኒን እንውሰድ። ደሴቲቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ወይም በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተቦደሰች ናት፤ አፈሯ አመድና ቀላል ድንጋይ፣ ዝናቧ ጥቂት፣ ነፋሷ ብርቱ። ገበሬው የወይኑን ሐረግ ሽቅብ እንዲያድግ አይተወውም፤ በመሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጠመጥመዋል፤ ፍሬው በቅርጫቱ ውስጥ ከነፋስ ተጠልሎ ይበስላል። ቲማቲሙም ያለ መስኖ፣ ከባሕር በሚነሣው የሌሊት እርጥበት ያድጋል፤ መጠኑ ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጣዕሙ ግን የጠነከረ ነው። ውኃ የተነፈገ ተክል ጣዕሙን ያጠራቅማል።

የደሴቲቱ እውነተኛ ሀብት ግን «ፋቫ» የሚሉት ክክ ነው። ስሙ በሌላ አገር ባቄላ ማለት ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳንቶሪኒ ፋቫ ባቄላ አይደለም፤ ከእኛ ጓያ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ የአንድ ተክል ፍሬ ነው። በአክሮቲሪ በተደረገው ቁፋሮ ይኸው ፍሬ ከእሳተ ገሞራው አመድ ሥር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ከትውልድ ቦታው ጋር አያይዞ በሕግ ጠብቆለታል። ክኩ እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ እንደ ሽሮ ወፍሮ፣ የወይራ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የኬፐር እምቡጥ ይጨመርበታል። ኢትዮጵያዊ ለሆነ በላተኛ አስተዋዋቂ አያሻውም። እኛ ጓያን ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ የሚተርፍ፣ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ከተበላ ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ የክፉ ቀን እህል አድርገን እናውቀዋለን። እነርሱ የዚህኑ ዘመድ በነጭ ጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ በኩራት ያቀርቡታል።

ሁለተኛው ምንጭ ጾም ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናን ከኦገስት 1 እስከ 14 የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ፤ ይህም የእኛ ፍልሰታ አቻ ነው፤ በቀን አቆጣጠር ብቻ ጥቂት ይቀድመናል። ወቅቱ ቱሪስት ደሴቶቹን የሚያጥለቀልቅበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ሁሉም ሰው ይጾማል ማለቴ አይደለም፤ ድስቱ ግን ሥርዓቱን አልረሳም። በወይራ ዘይትና በቲማቲም ቀስ ብሎ የበሰለ ፋሶላኪያ አለ፤ ስሙም ነገሩም የፎሶሊያችን ዘመድ ነው። በሩዝ የተሞላ ቲማቲም፣ ምስር፣ ተቀቅሎ ዘይትና ሎሚ የፈሰሰበት የሜዳ ቅጠል አለ። ኦክቶፐስ እንኳ ደም የለውም ተብሎ ከጾም ምግብ ይቆጠራል፤ የእኛ ጾመኛ ሲያየው መደንገጡ አይቀርም። «ኒስቲሲማ» ብሎ የጠየቀ እንግዳ እኛ «የጾም አለ?» እንደምንለው መጠየቁ ነውና፣ ብዙውን ጊዜ ፊት ይፈካለታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው ለዕረፍቱ ምስር ብላ ይባላልን? የድኻን ምግብ ማወደስስ የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 መካከል፣ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ግሪክ በረሃብ ተመትታለች፤ ሲሮስን በመሰሉ ደሴቶች ብዙ ሰው አልቋል። በዚያን ጊዜ ከሜዳ የተለቀመው ቅጠል ለማንም ጣፋጭ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ የቀርጤስን ኑሮ ያጠኑ አሜሪካውያን ሕዝቡ ሥጋ አጥብቆ ይመኝ እንደ ነበር ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በተጀመረው የአንሰል ኪስ የሰባት አገሮች ጥናት ደግሞ የዚያችው ደሴት ወንዶች በልብ ሕመም የሚሞቱት እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ዓለም በልባቸው ጤንነት የተደነቀባቸው ሰዎች በማዕዳቸው ደስተኞች አልነበሩም ማለት ነው።

ስለዚህ ረሃብን አላወድስም። የማወድሰው ረሃብ ያስገደደውን ብልኀት ነው። ብልኀት ደግሞ ባለቤትም ዋጋም አለው፤ የሳንቶሪኒ ፋቫ ከሌላ አገር ክክ በብዙ እጥፍ የሚወደደው በከንቱ አይደለም። ጥቂት መሬት፣ ብዙ ድካም፣ አነስተኛ ምርት ነው።

ያም መሬት በአደጋ ላይ ነው። ሳንቶሪኒ በአንድ ወቅት የቲማቲም ድልኽ የሚያሽጉ በርካታ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ እ.ኤ.አ. ከ1956ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ከቱሪዝም መስፋፋት በኋላ እየተመናመኑ ሄዱ፤ ከእነርሱ አንዱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየም ትዝታን ይጠብቃል፤ ዘር ግን አይዘራም። ባለ ምግብ ቤቱን ክፉ ሰው አልለውም፤ የታዘዘውን ይሠራል። እንግዳው ፒዛ ሲያዝ ዱቄቱና አይቡ በመርከብ ይመጣል፣ ገበሬውም ማሳውን ለሆቴል ይሸጣል። እንግዳው ፋቫና የአገሩን ቲማቲም ሲያዝ ማሳው ለከርሞ የመዘራት ተስፋ ያገኛል። ተራ የሚመስለው ትእዛዝ ለገበሬው ፍርድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ከቀናህ የፀሐይ መጥለቂያ የሚታይበትን ወንበር ትተህ ሁለት መንደር ወደ ውስጥ ግባ። ጠዋት በትሪ የተሠራውን ወጥ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሰዓት፣ የአገሩ ሰው ምሳ በሚበላበት ጊዜ ብላ። ዓሣ ካሻህ በኪሎ ከሚሸጠው ትልቅ ዓሣ ይልቅ የበጋውን ሰርዲን ምረጥ፤ በዝርዝሩ ላይ ኮከብ የተደረገበት በረዶ ቤት የቆየ መሆኑን እወቅ። ከሁሉ በፊት ግን አስተናጋጁ ዝርዝሩን ሲዘረጋልህ እጠፍለትና፣ «ዛሬ ለቤታችሁ ምን ሠራችሁ?» ብለህ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በዝርዝሩ ላይ የለም።