ሌላው ሲናገር የሚሸነፍ ተከራካሪ

የፖለቲካ ክርክር የሚለየው ተከራካሪው በሚናገርበት ሰዓት ነው ተብሎ ይታሰባል። ዝግጅቱም ሁሉ ለዚያ ሰዓት ነው፤ አኃዝ ይሰበሰባል፣ ማስረጃ ይደረደራል፣ መልስ ይሸመደዳል። አድማጭ ግን አብዛኛውን ፍርዱን የሚሰጠው ሰውየው ዝም ብሎ መስማት በሚገባው ሰዓት ነው። ሲነቀፍ ፊቱ ይቀያየር እንደሆነ፣ ተራው ሳይደርስ ይገባ እንደሆነ፣ መልሱን በንቀት ይጀምር እንደሆነ ያያል። በኢትዮጵያ ይህን እንደ 1997ቱ የምርጫ ክርክር አጉልቶ ያሳየ አጋጣሚ አልነበረም።

ቴሌቪዥን ከመምጣቱ በፊትም ሙግት የአደባባይ ትርኢት ነበር። በበላ ልበልሃ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ነገራቸውን በግጥም እያዋዙ፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። ዳኛው የግድ ሹም መሆን አልነበረበትም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰውም ቆሞ እንዲዳኝ ይለመን ነበር። ዙሪያውን የከበበው ታዛቢ የወሰኑን ወይም የውርሱን ዝርዝር አያውቅም፤ ዝርዝሩን የሚያውቁት ባለጉዳዮቹ ናቸው። እሱ የሚያየው ማን እንደተርበተበተና ማን አደቡን እንደጠበቀ ነው። በንዴት የባላጋራውን ቃል ያቋረጠ ሰው እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆን እንኳ ነገር የጠፋበት ይመስላል። ይህ የፍርድ ልማድ የተጻፈ ሕግና የመንግሥት ፍርድ ቤት ሲመጣ ከአደባባዩ ጋር አብሮ አልጠፋም። ዛሬም በየቀበሌው ሽምግልና ተቀምጦ ይገኛል።

በ1997 ገዥው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት በመሬት፣ በትምህርት፣ በፌዴራል ሥርዓቱና በሌሎችም ጉዳዮች ላይ በመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ከገዥው ፓርቲ በረከት ስምዖንና አዲሱ ለገሠ፣ ከቅንጅት ብርሃኑ ነጋና ልደቱ አያሌው፣ ከኅብረት በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና በጉልህ የሚታወሱ ናቸው። የባለሥልጣንን ንግግር በአብዛኛው ያለ ተቃዋሚ ሲሰማ ለኖረ ሕዝብ፣ ሚኒስትር በጥያቄ ሲፋጠጥ ማየት ብቻውን ዜና ነበር።

የገዥው ፓርቲና የተቃዋሚዎቹ ጠባይ ልዩነት ከግለሰቦች ተፈጥሮ ይልቅ ከመጡበት ትምህርት ቤት የሚመነጭ ይመስላል። የኢሕአዴግ ሰዎች በግምገማ ያደጉ ነበሩ። በግምገማ መድረክ የሚበረታው አጥብቆ የሚሄስ፣ የሌላውን ጉድለት እየነቀሰ የሚያፋጥጥ ነው፤ ተገምጋሚው ደግሞ ግለሂስ ያደርጋል እንጂ መልሶ አያጠቃም። ይህ ልማድ በዝግ አዳራሽ ኃይል ነው። በካሜራ ፊት ግን ተገምጋሚው ፈገግ ብሎ ሲመልስ፣ ገምጋሚው የሚቀረው መሣሪያ ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ ይሆናል። ብርሃኑ ነጋ የምጣኔ ሀብት መምህር ነበሩ፤ የማይመች ጥያቄ መመለስ መከራቸው ሳይሆን ሥራቸው ነበር። ልደቱ አያሌው ደግሞ የተቀናቃኛቸውን ነጥብ ራሳቸው ደግመው ካስቀመጡ በኋላ መልሱን በአጭሩ የመስጠት ችሎታ ነበራቸው። ነጥቡን ደግሞ ማስቀመጥ ለአድማጭ «ሰምቼሃለሁ» ይላል፤ ንቀት የሚባለውን ጥርጣሬ አስቀድሞ ያነሣል። መረራ ጉዲና ክርክሩን በቀልድ ያለዝቡት ነበር፤ ሳቅ የፈጠረን ሰው መቆጣት ደግሞ ተቆጪውን ያሳንሰዋል።

የመሬት ክርክሩ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኢሕአዴግ መሬት ከተሸጠ ገበሬው በችግር ቀን ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል ይል ነበር፤ ቅንጅት የባለቤትነት ዋስትና ያላገኘ ገበሬ መሬቱን አያለማም ይል ነበር። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት ያላቸው ነበሩ። አሁን ይህን የሚሰማውን ሰው ማሰብ ነው። ከጣራ ገዳም ግርጌ ካለችው አዲስ ዘመን እስከ ወረታ፣ ርብና ጉማራ እስከሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ድረስ፣ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያለው የገጠር ቤት ብርቅ ነበር፤ ክርክሩ በብዛት የሚደርሰው በሬዲዮ ነበር። የሬዲዮ አድማጭ ፊት አያይም፤ ፍጥነት፣ እረፍት፣ የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ በሌላው ቃል ላይ መደረብ ግን አያመልጠውም። በ1989 በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ የሚያስታውስ ገበሬ፣ ስለ ዋስትና የሚነገረውን ቃል ከነድምፀቱ ነው የሚመዝነው። «ገበሬው የሚጠቅመውን አያውቅም» የሚል ነገር በቃል ባይነገር እንኳ በአነጋገር ሊነገር ይችላል፤ በአነጋገር የተነገረ ንቀት ደግሞ በማስተባበያ አይነሣም።

የሥነ ልቦና ጥናትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎች የማያውቋቸውን የአሜሪካ ሴኔት ዕጩዎች ፎቶ ለአፍታ አይተው «ማን ብቁ ይመስላል» ተብለው ሲጠየቁ፣ የመረጡት ሰው 70 በመቶ በሚያህሉ ውድድሮች አሸናፊ ሆኖ ተገኝቷል። አእምሮ የማይችለውን ጥያቄ በሚችለው ይተካል፤ «የግብር ፖሊሲው ትክክል ነው ወይ» የሚለውን ትቶ «ይህ ሰው ራሱን ይገዛል ወይ» የሚለውን ይመልሳል። በተናጋሪው በኩል ደግሞ ንዴት ትኩረትን ያጠባል፤ የተናደደ ሰው ትልቁን ነጥብ ለቆ የመጨረሻውን ስድብ ያሳድዳል።

በውጭው ዓለም በአፈ ታሪክ ደረጃ የሚነገሩት የክርክር ሽንፈቶች ጥቂት የማይባሉት የዝምታ ሰዓት ሽንፈቶች መሆናቸው የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1960 ሪቻርድ ኒክሰን በጉልበት ሕመም ከሆስፒታል ከወጡ ብዙም ሳይቆዩ ከጆን ኬኔዲ ጋር ለአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር ሲቀርቡ፣ ካሜራው ኬኔዲ እየተናገሩ የኒክሰንን ላብና የገረጣ ፊት ያሳይ ነበር። ሬዲዮ የሰሙት ኒክሰንን አሸናፊ አድርገዋቸዋል የሚለው ታሪክ የቆመበት የያኔ መጠይቅ ደካማ ነው፤ ጄምስ ድራክማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሙከራ ግን ክርክሩን በምስል ያዩት በድምፅ ብቻ ከሰሙት ይልቅ ወደ ኬኔዲ አዘንብለው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጆርጅ ቡሽ ከተመልካች ጥያቄ እየቀረበ ሰዓታቸውን አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር ተቀናቃኛቸው ሲናገሩ በማይክሮፎን የሚሰማ ትንፋሽ ደጋግመው አወጡ። ከእነዚህ ክርክሮች ይበልጥ የሚታወሰው የተናገሩት ቃል አይደለም።

ወደ 1997 ስንመለስ፣ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት መስቀል አደባባይን በሕዝብ ሞላ። በዚያው ሰሞን የገዥው ፓርቲ አነጋገር ተቀናቃኞቹን ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ሚሊሻ ከኢንተርሃምዌ ጋር እስከ ማመሳሰል ከረረ። በተረጋጋ ፊት የተሸነፈ ወገን የሚይዘው መንገድ ይኸው ነው፤ ጉዳዩን ትቶ ፍርሃትን ይጠራል። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎችና ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በይፋዊው አገራዊ ውጤት ግን ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ያዙ። ውጤቱ ያስነሣው ውዝግብ፣ ደምና እስር የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ክርክሩ ብቻውን ድምፅ አስገኘ ማለትም አይቻልም፤ ተቃዋሚን መምረጥ እንደሚቻል ለብዙ ሰው ማሳየቱ ግን የሚካድ አይደለም።

እርጋታ ሁልጊዜ አያሸንፍም። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ በፓርላማ ለተቃዋሚዎች ሲመልሱ ይሳለቁ ነበር፤ ሽሙጡ ሠርቶላቸዋል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ምክር ቤት የራሳቸው ስለነበረ ሳቁ ዝግጁ ነበር። ያው ሽሙጥ ገለልተኛ አድማጭ ፊት ትዕቢት ይባላል። ልደቱ አያሌውም በ2002 ክርክር አንደበታቸው አልደነዘዘም፤ በቅንጅቱ መፍረስ ምክንያት የተጣለባቸው ጥርጣሬ ግን የሚሰማቸውን ጆሮ ቀይሮት ነበር፤ በቡግናም ተሸነፉ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ወሰዱ። አስቀድሞ የተፈረደበት ሰው እርጋታው ብልጠት፣ ፈገግታውም ሽንገላ ይመስላል።

ከዚህም በላይ እርጋታ የሚታየው ከንዴት ጎን ሲቆም ነው። በ1997 የብርሃኑ ነጋን ጠባይ ያጎላው የተቀናቃኞቻቸው መቆጣት ነበር። በ2013 ግን ኢዜማ የተባለውን ፓርቲ እየመሩ ሲወዳደሩ ፓርቲያቸው ያገኘው 4 የፓርላማ መቀመጫ ነው። የደኅንነት ሥጋት፣ የመዋቅር ድክመትና የገዥው ፓርቲ ስፋት ከየትኛውም ጠባይ ይከብዳሉ። የክርክሩ ድባብም ተለውጦ ነበር፤ ገዥው ብልፅግና ፓርቲ ከ1997ቱ ኢሕአዴግ ይልቅ ለስለስ ብሎ መናገር የለመዱ ሰዎችን ይዞ ቀረበ፣ አድማጩም ሁለት የተረጋጉ ሰዎችን ለማወዳደር የግድ ወደ ጉዳዩ፣ ወይም ወደ ቀድሞ ወገንተኝነቱ መመለስ ነበረበት።