እሷ እንዳትሰማ!

ሰሞኑን እኛ ቤት ስልክ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ሞባይል ሲጮህ አንዳችን ብድግ እንልና ጓዳ እንገባለን። «አዎ፣ ሐሙስ ነው ቀጠሮዋ... ኧረ አላወቀችም... በናታችሁ እሷ እንዳትሰማ!»

«እሷ» የተባለችው አክስታችን ናት። እትዬ ነው የምንላት። እትዬ ሳሎን ቁጭ ብላ ቡና ትቆላለች፤ እኛ ጓዳ ተደብቀን ስለ ግራ ጡቷ እናወራለን። የገዛ አካሏ ጉዳይ ከእሷ በቀር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሚያውቀው ምስጢር ሆኖ አረፈው።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። እትዬ ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ጠጠር ያለ ነገር እጇን ነካት። ሁለት ወር ዝም አለች። በኋላ ለምን ብለን ስንጠይቃት «አያመኝም እኮ!» አለችን። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ እንደማያም ስንቶቻችን እናውቃለን? በመጨረሻ የሰፈር ክሊኒክ ሄደች። ያያት ሐኪም ለሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። ወረቀቱን ታላቅ ወንድማችን ተቀብሎ እንግሊዝኛውን አነበበና እኛን በዓይኑ ጠቀሰን። ለእትዬ ግን «ቀላል ነገር ናት፣ እንዲያው ለማረጋገጥ ነው» አላት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የቤተሰብ ስብሰባ ተደረገ፤ እትዬ ገበያ በሄደችበት ሰዓት መሆኑ ነው። ውሳኔ፦ ሐሙስ ዕለት አጎታችን ቀድሞ ይገባና ዶክተሩን «ክፉ ነገር ከሆነ ለእሷ እንዳትነግራት፣ ለእኛ ንገረን» ብሎ ይለምናል። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኛም እጃችንን አውጥተናል፤ አንዋሽም። ዛሬ የምንጽፈው ያወጣነውን እጅ ለማውረድ ነው።

እንዲህ የሚያደርገው የእኛ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሽታውን በስሙ ለመጥራት እንኳ የምንፈራ ሰዎች ነን። «ያ ክፉ በሽታ» እንላለን። ለቅሶ ደራሽ ሲጠይቀንም መልሳችን «ትንሽ አሟት ነበር» ነው። ይህን የምናደርገው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅር ነው። ችግሩ፣ ይኸው ፍቅራችን እትዬ ለራሷ ቀጠሮ እንዳትዘጋጅ አደረጋት።

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመው የነገሩን ነገር ቢኖር ጥያቄ ሳይዙ ቃለ መጠይቅ መግባት ነውር መሆኑን ነው። ለአንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሃያ ጥያቄ ጽፈን እንሄዳለን። ስለ ሕይወታችን ሊነግረን ለተቀመጠ ሐኪም ግን ባዶ እጃችንን እንገባለን። በር ላይ ወረፋው ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እኛ «እሺ፣ እሺ» ብለን እንወጣለን። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ «ውይ! እሱን ሳልጠይቀው!»

ደግሞስ አጎታችን ብቻውን ገብቶ ምን ሊል ነው? ሐኪሙ እኮ ይጠይቃል። እብጠቱን መቼ አየሽው? እያደገ ነው? ከወር አበባሽ ጋር ይለዋወጣል? ከጡትሽ ጫፍ ፈሳሽ ወይም ደም ወጥቶ ያውቃል? በእናትሽም በአባትሽም ወገን የጡት ካንሰር የያዘው ሰው ነበር? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? አጎታችን የእትዬን የወር አበባ ቀን ያውቃል እንዴ?

ሌላም አለ። የጡት እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ምንነቱ የሚለየው በሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ ሐኪም በእጁ ዳስሶ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ታይቶ፣ በመርፌ ናሙና ተወስዶ። ሦስቱም ገና ሳይደረጉ እኛ ጓዳ ውስጥ ፈርደንባታል።

ካንሰር ቢሆንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670,000 ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሀገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው እሱ ነው። ቶሎ ሐኪም ጋ የደረሰች ሴት የመዳን ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ ሕክምናው ግን የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። ቀዶ ጥገና አለ፣ ኬሞቴራፒ አለ፣ ጨረር አለ። ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው ወደ ሌሎች ከተሞች የደረሰው። ታሞክሲፌን የሚባል አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ ሊዋጥ የሚችል ኪኒንም አለ። ታዲያ እትዬ ምን እንደያዛት ሳታውቅ አምስት ዓመት ኪኒን ልትውጥ ነው? ጸጉሯ ሲረግፍስ «የአየር ለውጥ ነው» ልንላት ነው?

ትናንት ሰኞ ማታ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ነገርናት። «እትዬ፣ ሐሙስ የምትሄጂው እብጠቱ ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲታይ ነው።» ሲኒውን አስቀመጠችና ሳቀች። «እኔ እኮ ክሊኒኩ ውስጥ የሐኪሙን ፊት ሳይ ነው ያወቅኩት። ዝም ያልኩት እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ብቻዬን እንዴት እንደከረምኩ አታውቁም» አለች።

ደብተር አመጣን። እሷ ተናገረች፣ እኛ ጻፍን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ብረት ከነካው ይዛመታል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ነበር። ለሐኪሙም ታቀርበዋለች፤ እኛ ግን አስቀድመን የሚጎዳት መርፌው ሳይሆን መዘግየቱ እንደሆነ ነግረናታል። ናሙናው ካልተወሰደ የበሽታው ዓይነት አይታወቅም፤ በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑ ካልታወቀም የሚስማማው መድኃኒት አይመረጥም። ሌሎቹም ተከተሉ። ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? የሚነግረኝስ ማን ነው? ጡቴ የግድ ይቆረጣል? ስንት ብር ያስወጣል? ጠበሌን ልቀጥል? ሁሉም ተጻፈ። ከሥሩ የምትወስደው የደም ግፊት ኪኒን ስም ገባ፤ ጎረቤት የሰጠቻት ቅጠል እንኳ አልቀረም።

ለሐሙስ የምትለብሰው ሸሚዝና ጉርድ ነው፤ ወጥ ቀሚስ ከሆነ ሁሉንም ማውለቅ ሊኖርባት ነው። ማሞግራም ሊታዘዝላት ስለሚችል ብብቷ ላይ ዲዮድራንትም ሆነ ፓውደር አታደርግም፤ ፊልሙ ላይ ነጠብጣብ መስሎ ያሳስታል። የክሊኒኩ ወረቀት በሙሉ በአንድ ፌስታል ተቀምጧል። አንዳችን አብረናት እንገባለን፤ ሥራችን መስማትና መጻፍ ብቻ ነው። የምትጠይቀውም የምትመልሰውም እትዬ ናት።

«ማወቅ የማይፈልግ ሰውስ?» ትሉ ይሆናል። አለ፤ መብቱም ነው። ግን አስቀድሞ ይጠየቅ። «ውጤቱን ራስሽ ትሰሚያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ይስማልሽ?» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እትዬ አጎታችንን ከወከለችው ይግባ። ጠበቃ እንኳ ያለ ውክልና ችሎት አይቆምም።

ይህን ስንጽፍ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ምን እንደምንሰማ አናውቅም። ፈርተናል። ደብተሩ ፍርሃቱን አላጠፋልንም፤ አንድ ላይ እንድንፈራ ግን አድርጎናል። አሁን ስልክ ጮኸ። እትዬ ቀድማ አነሳችው፤ ጓዳም አልገባች። «አዎ፣ ሐሙስ ነው። ጡቴን ልታይ ነው። ጸልዩልኝ» ትላለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ።

እናንተም ጓዳ ገብታችሁ የምትንሾካሾኩ ካላችሁ፣ ውጡና ሳሎን ቁጭ በሉ። ቸር ወሬ ያሰማን። ከሁሉ በፊት ግን እሷ ትስማ።