ግድግዳችንን በዶላር መቀባት እስከ መቼ?

በመርካቶ ከቀለም መደብሮች ደጃፍ ጥቂት ቆሞ የገዢንና የሻጭን ንግግር ላዳመጠ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ገዢው ስለ ቀለሙ ዓይነት ከመጠየቁ በፊት ዋጋውን ይጠይቃል። ሻጩም ስለ ጥራቱ ከመናገሩ በፊት ስለ ዶላር ይናገራል። ሳሎኑን ነጭ ለማስቀባት የመጣው የቤት ባለቤት ስለ ውጭ ምንዛሪ ትምህርት ቀስሞ ይመለሳል ማለት ነው።

ለመሆኑ አንድ ባሊ ቀለም ከዶላር ጋር ምን አገናኘው? የቀለም ፋብሪካዎች እዚሁ አገራችን ውስጥ አሉ አይደል? እርግጥ ነው አሉ። ነገር ግን ፋብሪካው የእኛ ቢሆንም ወደ ፋብሪካው የሚገባው ውድ ነገር የእኛ አይደለም። በተለምዶ «ፕላስቲክ ቀለም» የምንለው የግድግዳ ቀለም በዋናነት ከአራት ነገሮች ይሠራል። እነዚህም ነጭነትና የመሸፈን ኃይል የሚሰጠው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ አጣብቆ የሚይዘው ሬዚን፣ መጠኑን የሚሞላው የድንጋይ ዱቄት እና ውሃ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ዋጋውን የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ጭማሪው ወደ ባሊው የገባውም በእነዚሁ ሁለት በሮች ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቀለም ፋብሪካዎች ላይ ጣት መቀሰር አይደለም። እነርሱም በተገኘው ጥሬ ዕቃ ይሠራሉ። ዓላማው ለነጋዴውና ለባለሀብቱ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ለውጭ ግድግዳ ሳይሆን፣ ዝናብ ለማይነካው የመኝታ ቤትና የሳሎን ግድግዳ ከእግራችን ሥር ያለውን አፈር አጣርተን፣ አሽገንና ደረጃ ሰጥተን ገበያ ለማውጣት ምን ያግደናል?

የእናቶቻችን ሙያ

«ግድግዳህን አፈር ቀባ» ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በዓል ሲቃረብ ነጭ አፈር በጥብጠው ቤት የሚለቀልቁ እናቶች ባሉበት አገር ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሐረር ጁገል ገብቶ የሐረሪዎችን ጥንታዊ ቤት የጎበኘ ሰው ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቶ ማየቱን አይረሳውም። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ ይነገራል። ያንን አፈር ያስዋቡት እጆች የሴቶች እጆች ናቸው። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ያ ቀይ አፈርም አብሮ የክብር ቦታ አገኘ ማለት ይቻላል።

ፈረንጆቹ ደግሞ ነገሩን ወደ ንግድ ቀይረውታል። በእንግሊዝ አገር ከሸክላ አፈር የተሠራ የግድግዳ ቀለም በቆርቆሮ ታሽጎ ከተራው ቀለም ጎን ይሸጣል። ጀርመን በ2013 እ.ኤ.አ. ለአፈር ጡብ፣ ለአፈር መገንቢያ ጭቃና ለአፈር ልስን ብሔራዊ ደረጃ አውጥታለች። እኛ «የድሃ ቤት» ብለን የምንሸሸውን ነገር እነርሱ ለባለገንዘብ ይሸጡታል። ልዩነቱ አፈሩ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ወንፊቱ፣ ማሸጊያውና የታመነ ደረጃው ላይ ነው።

በባሊው ውስጥ ያለው አፈር

የአፈር ቀለም አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ዋናው ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ አፈር ነው። በእሱ ላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ አጣባቂ የሚሆን የተቀቀለ የስንዴ ዱቄት ሙቅ ወይም ከወተት የሚወጣ ኬዚን፣ ማቅለሚያ የሚሆን ቀይ ወይም ቢጫ አፈርና ውሃ ይጨመርበታል። ቀዩና ቢጫው አፈር ቀለሙን የሚያገኘው በውስጡ ካለው ብረት ስለሆነ በፀሐይ ብርሃን ቶሎ አይደበዝዝም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ካኦሊን በተራው ቀለም ውስጥም በሙያነት ሲገባ የኖረ ዱቄት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ሳያውቀው አፈር ሲገዛ ኖሯል። እዚያ ግን ሬዚኑ አፈሩን ከብቦ ስለሚይዘው የመሸፈን ኃይሉ ይዳከማል፤ ለዚህም ነው ቲታኒየሙ የግድ የሚያስፈልገው። በአፈር ቀለም ውስጥ ውሃው ሲተን በቅንጣቶቹ መካከል አየር ስለሚቀር ነጭነቱ ጎልቶ ይወጣል። እርጥብ ሳለ ግራጫ መስሎ ግድግዳውን አሳልፎ የሚያሳየው ቀለም ሲደርቅ ይሸፍናል። ይህን የማያውቅ ቀለም ቀቢ «አልሸፈነም» ብሎ ደራርቦ ይቀባና ዕቃውንም ጊዜውንም ያባክናል።

ጥሬ ዕቃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በቀድሞው የሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በዛሬው የጉጂ ምድር የሚገኘው የቦምቦዋ ካኦሊን በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ ከታወቀ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ለሴራሚክ ሥራም ሲውል ቆይቷል። ማስታወቂያ የሚያስፈልገው አፈሩ ሳይሆን ገበያው ነው።

የእማዬ ነጠላ

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል። እኔም በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ብዬ በወላጆቼ ቤት በአንዲት ክፍል ላይ ሞከርሁት። የመጀመሪያው ሙከራ አሳፈረኝ። አፈሩን በደንብ ሳልነፋ፣ ሙቁንም ቆጥቤ ቀባሁት። ሲደርቅ ያማረ ነበር። በማግሥቱ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ስትነሳ ነጠላዋ ዱቄት ለብሶ ተገኘ። «ልጄ፣ ቀለም ቀባህ ወይስ ዱቄት ነፋህብኝ?» አለችኝ። አብሮኝ የነበረው የሰፈራችን ቀለም ቀቢ ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ብሩሽ የያዘ ሰው፣ «ነግሬህ ነበር» ብሎ ሳቀ።

በሁለተኛው ጊዜ አፈሩን በሻሽ አጥልዬ፣ የሙቁን መጠን ከፍ አድርጌ፣ በመጀመሪያ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሞክሬ፣ በጣት ታሽቶ አለመልቀቁን ካረጋገጥሁ በኋላ ቀባሁት። እስከ ዛሬ ይዟል። ጋሼም በመጨረሻ ያለኝ ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢ ትልቅ ቁም ነገር አለው። «እኔ የምፈራው አፈሩን አይደለም። እያንዳንዱ ባሊ የተለያየ ሆኖ ቢመጣ ደንበኛው የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው» አለ። ነጋዴ ሆይ፣ የገበያው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቀለም ቀቢው ያላመነበት ቀለም ከመደርደሪያ አይወርድም።

ሒሳቡን በካሬ እናስላ

ሰው ቀለም የሚያወዳድረው በባሊ ዋጋ ነው። ይህ ስህተት ነው። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች፣ 2.80 ሜትር ከፍታ ያላት ክፍል የግድግዳ ስፋቷ 44.8 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 40 ካሬ ያህል ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 80 ካሬ ሆነ ማለት ነው። የዕቃውን፣ የጉልበቱንና የግድግዳ ዝግጅቱን ወጪ ደምሮ ለ40 ካሬ ማካፈል፣ ከዚያም ቀለሙ ለሚያገለግልበት ዓመት ማካፈል ነው ትክክለኛው ዋጋ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የአፈር ቀለም ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም። የቀቢው የቀን ዋጋ ለአፈር ብሎ አይቀንስም። እንበልና አንዱ ቀለም 6 ዓመት፣ ሌላው 3 ዓመት ቢያገለግል፣ ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪው ከግማሽ በታች ካልሆነ አላዋጣም። ስለሆነም አትራፊ የሚሆነው በሁሉም ቤት ሳይሆን በተወሰነ ቤት ነው። ያ ቤት የትኛው ነው? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ይለቃልም። በላዩ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ሲለበጥ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ባለቤቱም በየጊዜው ይከፍላል። የአፈር ቀለም ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ ይተነፍሳል። በከተሞቻችን የጭቃ ቤት ስንት እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ገበያው ጠባብ እንዳልሆነ ይረዳል።

የማይዋሽ ነጋዴ ይፈለጋል

በዚህ ገበያ ላይ ከወዲሁ የሚያሰጋኝ አጋነኖ መሸጥ ነው። «የቤትን እርጥበት ይቆጣጠራል፣ አየር ያጠራል፣ በሽታ ይከላከላል» የሚል ማስታወቂያ ነገ ሊመጣ ይችላል። እርጥበት የመሳብና የመልቀቅ ጥቅም በጉልህ የሚታየው በወፍራም የአፈር ልስን ላይ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ቀለም ብቻውን ያን ያህል አይሠራም። ሻወር ቤት፣ ከምድጃ አጠገብ ያለ የወጥ ቤት ግድግዳና ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ለአፈር ቀለም ቦታቸው አይደለም። በዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይም እንዲሁ አይይዝም፤ መፋቅና መያዣ መቀባት ያስፈልጋል። በውሃ መጥረግ ለለመደ ቤተሰብም ይህ ቀለም አይስማማም።

እውነተኛው ጥቅሙ ሌላ ነው። ሲቀባ ራስ የሚያዞር ሽታ የለውም። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ አገራችን ወስናለች፤ ተመርምሮ ንጽሕናው የተረጋገጠ የአፈር ቀለም ሕፃናት ላሉበት ክፍል ጥሩ አማራጭ ነው። «ተመርምሮ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ከየትም የተቆፈረ አፈር ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ደረቁን ዱቄት የሚበጠብጥ ሠራተኛም ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ አፉንና አፍንጫውን መሸፈን አለበት።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቀለሙ በዱቄት መልክ በከረጢት ይሸጥ። ሙቅ የገባበት እርጥብ ቀለም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸታል፤ ዱቄቱ ግን በደረቅ ቦታ ይቆያል። በተጨማሪም ነጋዴው ውሃ ጭኖ የትራንስፖርት ሒሳብ አይከፍልም፣ ባሊም አይገዛም።

ሁለተኛ፣ ደረጃ የሚያወጣው መንግሥታዊ ተቋም ለአፈር ቀለም መስፈርት ያዘጋጅ። የወንፊቱ ስፋት፣ ታሽቶ የመልቀቅ መጠኑና የእርሳስ ምርመራው በመስፈርቱ ይካተት። መስፈርት ከሌለ ነገ ተራውን ፕላስቲክ ቀለም በእፍኝ አፈር ቀይጦ «የተፈጥሮ» ብሎ በእጥፍ የሚሸጥ ይመጣል። ያን ጊዜ ሐቀኛው ነጋዴ ከአጭበርባሪው ጋር አብሮ ይከስራል።

ሦስተኛ፣ ባለሀብቱ ከማስታወቂያ በፊት ለቀለም ቀቢዎች ሥልጠና ይክፈል። የሚያተርፈው ባሊ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ሳይሆን በሠለጠነ እጅ ነው።

ቲታኒየምና ሬዚን ያስፈልጉናል፤ የውጭ ግድግዳችንን፣ ሆስፒታላችንንና ትምህርት ቤታችንን የምንቀባው በእነርሱ ነው። የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ግን በዶላር የመቀባት ግዴታ የለብንም። እናቶቻችን ያለ ባንክ ብድርና ያለ ኤል ሲ የሠሩትን ሥራ እኛ ተምረናል የምንለው ልጆቻቸው ወንፊት፣ ከረጢትና ደረጃ ጨምረንበት ገበያ ማውጣት ካቃተን፣ የጎደለን ካፒታል ሳይሆን ዓይን ነው ማለት ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።