በወር አማካይ የሚመዘን ጉዞ

አውሮፓን ለመጎብኘት ያሰበ ሰው ቀኑን ከመቁረጡ በፊት በአብዛኛው የሚያየው የየወሩን አማካይ ሙቀትና ዝናብ የያዘ ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡ ለኖቬምበር (ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ድረስ ላለው ጊዜ) ዝቅ ያለ ዲግሪና ከፍ ያለ ዝናብ ካሳየ ወሩ «መጥፎ» ተብሎ ይሰረዝና ጉዞው ወደ ጁላይና ኦገስት ይገፋል። ይህ አሠራር ሳይንስ የተከተለ ቢመስልም ወሩን የሚመዝነው ለጎብኚ እምብዛም በማይጠቅም ሚዛን ነው።

አማካይ ማለት የአየር ንብረት ባለሙያዎች ከ30 ዓመት መዝገብ፣ በአሁኑ ጊዜም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ካለው፣ አስልተው የሚያወጡት ልክ ሲሆን፣ ዓላማውም ስፍራን ከስፍራ፣ ዘመንን ከዘመን ማነጻጸር እንጂ የአንድን መንገደኛ ሳምንት አስቀድሞ መናገር አይደለም። በዚህ ልክ ከተሄደ፣ በዝናቧ ስሟ የሚነሣው ለንደን በኖቬምበር ከሮም ያነሰ ዝናብ ታገኛለች፤ የሮም ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን የለንደን ከ70 አይደርስም። ልዩነቱ ያለው በአዘናነቡ ነው። የሜዲትራንያን ባሕር የበጋውን ሙቀት እስከ መከር መጨረሻ ይዞ ስለሚቆይ፣ ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍበት እርጥበቱ በፍጥነት ወደ ላይ ወጥቶ ኃይለኛ ዝናብ ያወርድና ብዙ ጊዜ ሰማዩ መልሶ ይጠራል፤ የለንደኑ ግን ከዝቅተኛ ደመና ሥር የሚንጠባጠብ፣ ቶሎ የማያባራ ካፊያ ነው። ስለዚህ ብዙ ሚሊ ሜትር የግድ ብዙ የተበላሸ ቀን ማለት አይደለም። ይኸው አማካይ አደጋንም ይሸፍናል፤ በኦክቶበር 24 ዲግሪ ገደማ የሚሞቀው፣ በሠንጠረዥ ሲታይ የተመቸ የሚመስለው የስፔኑ የቫሌንሲያ አውራጃ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2024 በጥቂት ሰዓታት በወረደ ዝናብ ተጥለቅልቆ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከኢትዮጵያ የሚነሣው መንገደኛ ደግሞ አብዝቶ የሚፈራው ብርዱን ነው፤ ፍርሃቱ ግን፣ ቢያንስ ለሮም፣ ከልክ ያለፈ ነው፤ ምክንያቱም የሮም የኖቬምበር ሌሊት ከአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ብዙም አይርቅም። ሊያሳስበው የሚገባው ሠንጠረዡ ጨርሶ የማያነሣው ብርሃን ነው። በአዲስ አበባ የቀን ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም ስለማይርቅ፣ የቀን ማጠር በጉዞ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ጉዳይ ሆኖ አይታሰብም፤ በኖቬምበር መጨረሻ ግን ሮም 9 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ለንደን ደግሞ ከዚያ አንድ ሰዓት ያነሰ የቀን ብርሃን ብቻ አላቸው። የየአገሩ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲነገር፣ ፀሐይ በሮም ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በለንደን 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የጥንት ሮማውያን የግላዲያተሮችን ፍልሚያ ያዩበት የነበረው ኮሎሲየም በዚህ ወቅት የሚዘጋው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ የመጨረሻው ጎብኚ የሚገባውም ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እናም ረፋዱን በሆቴሉ የሚያሳልፍ ሰው፣ ዝናብ ሳይነካው፣ ብርድም ሳያገኘው ቀኑን ያጣል።

ሠንጠረዡን ትቶ በስልኩ ላይ ወደሚያየው የአንድ ወር ትንበያ የሚዞርም አይሻልም። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ እንዳሳየው፣ በመነሻው ላይ ያለች ጥቂት ስሕተት እየሰፋች ስለምትሄድ የዕለት ትንበያ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ፋይዳ ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ለየቀኑ የሚሳለው ደመናና ፀሐይ በመሠረቱ ያው አማካይ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ። በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለበርካታ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የመግቢያ ፈቃድ፣ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ስላራዘመው፣ ኢትዮጵያዊው አመልካች ጉዞውን የሚወስነው የትኛውም ትንበያ ሊናገር ከሚችልበት ጊዜ እጅግ ቀድሞ ነው።

«ጥሩ» የሚባለው ወር ምን እንደሚያስከፍልም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሙቀቱ በመበርታቱ የአቴንሱ አክሮፖሊስ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር፤ ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን የግሪክ መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ጥንታዊ ስፍራዎች በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ያለክፍያ ይታያሉ።

ስለዚህ ጎብኚው መጠየቅ ያለበት ወሩ መልካም መሆኑን ሳይሆን፣ ሊያያቸው ያሰባቸው ነገሮች በጣራ ሥር ናቸው ወይስ በሜዳ፣ ስንት ሰዓትስ ክፍት ናቸው የሚለውን ነው። በዚህ መለኪያ በኖቬምበር ሮምና አቴንስ በማለዳ ለሚነሣ ሰው ይስማማሉ፤ ብዙ ሆቴሎች የሚዘጉባት፣ የመርከብ ጉዞም የሚቀንስባት የግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ግን አትስማማም። ሠንጠረዡ ለአቴንስም ለሳንቶሪኒም የሚሰጠው ዲግሪ ተቀራራቢ ነው።