ተመላሽ ገንዘብ ወይስ ተመላላሽ ነጋዴ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር ያገራችን ሰው። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደዋል። ተረቱ ግን አብሯቸው አልወረደም። ዛሬ ተረቱን ማግኘት የፈለገ ሰው ቤተ መንግሥት ድረስ መድከም አያስፈልገውም። ግብር የሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ጎራ ብሎ «ትርፍ የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ» ይበልና መልሱን ይስማ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይልህ ኦዲት ላይ ነው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሳምንት ተመለስ»። ገንዘቡ «ተመላሽ» ይባላል፤ የሚመላለሰው ግን ባለገንዘቡ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። ዜጋው ለመንግሥት ያለበት ዕዳ ቀኑ ተቆጥሮ፣ ቅጣትና ወለድ ተሰልቶ ይጠየቃል። መንግሥት ለዜጋው ያለበት ዕዳ ግን በወረቀት ላይ ቀን ቢኖረውም የሚቆጥርለት የለም። የማይቆጠር ዕዳ ደግሞ አይከፈልም።

ነገሩ ለማን ነው?

ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነብ ደመወዝተኛ «ይሄ የነጋዴ ጣጣ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። እውነት አለው። የደመወዝ ግብር በአሠሪው እጅ በየወሩ ተቆርጦ እዚያው ያልቃል። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሠርቶ «ይሄን ያህል ትርፍ ከፍለሃልና እንካ» የሚለው የለም። ነገር ግን ዳቦ ጋጋሪው፣ ቆዳ ላኪው፣ ለመሥሪያ ቤት ወረቀት የሚያቀርበው ነጋዴ የታሰረበትን ገንዘብ ከሰማይ አያወርደውም። ከባንክ ተበድሮ ይሞላዋል፤ ወለዱን ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ ካልሆነለት ሠራተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ በስተመጨረሻ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ያው ደመወዝተኛው ነው።

ተመላሽ የሚባለው ገንዘብ እንዴት ይፈጠራል? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው በቫት በኩል ነው። ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ሽያጩ በዜሮ ምጣኔ ነው፤ ከውጭ ገዢው ቫት አይሰበስብም። እዚህ አገር ለሚገዛው ጥሬ ዕቃ፣ ማሸጊያና አገልግሎት ግን 15 በመቶ ይከፍላል። የ1 ሚሊዮን ብር ግዥ ከፈጸመ 150 ሺህ ብር ቫት ከኪሱ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን የሚያካክስበት ሽያጭ ስለሌለው 150 ሺህ ብሩ የእሱ ነው፤ መንግሥት ዘንድ በአደራ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ዊዝሆልዲንግ የሚባለው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ10 ሺህ ብር በላይ በሆነ የዕቃ ግዥና ከ3 ሺህ ብር በላይ በሆነ የአገልግሎት ግዥ ላይ ገዢው ድርጅት 2 በመቶ እየቆረጠ ለመንግሥት እንዲያስገባ አዘዘ። ይህ ነጋዴው ገና አተረፈ አላተረፈ ሳይታወቅ በቅድሚያ የሚወሰድ ግብር ነው። በዓመት የ5 ሚሊዮን ብር ዕቃ ያቀረበ ሰው በዚህ ስሌት 100 ሺህ ብር ተቆርጦበታል። ዓመቱ ከስሮበት የትርፍ ግብር ከሌለበት 100 ሺህ ብሩ ይመለስለታል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ በጣም የሚያስፈልገው በከሰረበት ዓመት ነው።

ሦስተኛው በክርክር የሚያዘው ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 «የተጣለብኝ ግብር ትክክል አይደለም» ብሎ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው መጀመሪያ የተከራከረበትን ግብር 50 በመቶ እንዲከፍል፣ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድ ደግሞ 75 በመቶውን እንዲያስይዝ ደነገገ። ሰውዬው ተከራክሮ ረታ እንበል። እልል ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያስያዘውን ለማስመለስ እንደገና ሰልፍ ይይዛል። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ አስከፋዩም፣ ከፋዩም አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን መርታት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕጉ ክፉ አይደለም። የ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ከሽያጩ ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ ምጣኔ ለሆነበት ነጋዴ ማመልከቻውን ከነማስረጃው ካስገባ በ2 ወር ውስጥ ገንዘቡ ይመለስለት ብሎ ነበር። ለሌላው ነጋዴ ደግሞ ትርፉ ወደ ቀጣዮቹ 5 ወራት እየተሸጋገረ ይካካስና የተረፈው በ2 ወር ይመለስ ብሎ ነበር። ያ አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ተተክቷል። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደግሞ በብልጫ የተከፈለ ግብር መጀመሪያ ሌላ ዕዳ ካለ ይቻቻል፣ የተረፈው ሒሳቡ በቀረበ በ90 ቀን ውስጥ ይመለስ፤ ከ90 ቀን ካለፈ መንግሥት ወለድ ይክፈል አለ።

እሰየው! ወለድ የሚከፍል መንግሥት! ግን እስቲ ሁለቱን ዕዳዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ነጋዴው 150 ሺህ ብር ግብር ሳይከፍል 6 ወር ቢቆይ፣ በዚሁ አዋጅ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ቅጣት አለበት። 7 ሺህ 500 ብርና 15 ሺህ ብር፣ በድምሩ 22 ሺህ 500 ብር ቅጣት ማለት ነው። በዚያ ላይ ወለድ አለ፤ እሱም ባንኮች ካበደሩበት ከፍተኛው የወለድ መጣኔ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት የሚሰላ ነው። አሁን ገልብጡት። መንግሥት የነጋዴውን 150 ሺህ ብር 6 ወር ይዞ ቢቆይ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምንም የለበትም። ከዚያ በኋላ ባንኮች ያበደሩበት ከፍተኛ ወለድ ብቻ ይታሰባል። የ15 በመቶው ጭማሪ የለም፤ ቅጣትም የለም። አንድ ዓይነት ገንዘብ፣ አንድ ዓይነት መዘግየት፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን።

ያቺው ወለድ እንኳ «እንካ» ተብላ የምትሰጥ አይደለችም። ዋናው ገንዘብ ከተገኘ ነጋዴው ተመስገን ብሎ እብስ ይላል። ወለድ ልጠይቅ ካለ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣበትን ኦዲተር ያስበዋል። ሰው መብቱን እየፈራ የሚተው ከሆነ አንቀጹ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ከወለዱም የባሰው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት መመለስ የነበረበት 150 ሺህ ብር 2 ሺህ 600 ዶላር ያህል የሚያወጣ የማሽን መለዋወጫ ይገዛ ነበር። ዘግይቶ ሲመጣ 1 ሺህ 500 ዶላር እንኳ አልሞላም። የቀረውን ማን በላው? መንግሥት አልሰረቀም፤ አዘገየው እንጂ። ለባለገንዘቡ ግን ልዩነቱ ምንድን ነው?

ለምን ይዘገያል?

«ሌባ ስላለ ነው» የሚል መልስ አለ። እውነትነት አለው። ሐሰተኛ ደረሰኝ አሳትሞ፣ ያልገዛውን ገዛሁ ብሎ፣ ያልከፈለውን ቫት መልሱልኝ የሚል ሞልቷል። መመርመር ተገቢ ነው። ነገር ግን 90 ቀን የተሰጠው ለምን ሆነና? ለመመርመር አይደል? መሥሪያ ቤቱ በየሱቁ ካሽ ሬጂስተር አስተክሏል። የሻጩም የገዢውም ሒሳብ በእጁ ነው። ደረሰኙን ከሻጩ መዝገብ ጋር ማመሳከር ሦስት ወር ካልበቃው ችግሩ የነጋዴው አይደለም። ለዓመታት የታወቀ ላኪና ትናንት ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው በአንድ ዓይን የሚታዩ ከሆነ ሌባው ይጠፋል፤ ጨዋው ይታሰራል።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ቦታ ይመስለኛል። ገቢ ሰብሳቢው የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በሰበሰበው ብር ነው። በየጊዜው በሬዲዮና በቴሌቪዥን «ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ሰበሰብን፣ የዕቅዳችንን ይህን ያህል በመቶ አሳካን» ሲባል እንሰማለን። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተመላሽ መሆን የነበረበት የሰው ገንዘብ ነው? ይሄ አይነገርም። የተመላሽ ወረቀት ላይ የሚፈርም ኃላፊ ዕቅዱን በገዛ እጁ የሚቀንስ ነው፤ ባይፈርም የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ የትኛውን ይመርጣል? መሥሪያ ቤቱ በ2000 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ጉምሩኩ ኮሚሽን ሆኖ ሲለይ ገቢዎች ሚኒስቴር ሆነ። ታርጋው ተለወጠ፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው።

የሰው አገር ዕዳ

«የትም አገር ቢሆን ይዘገያል» የሚል ካለ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹን ይጠይቅ። እዚያ ታክሲ የሚነዳውም፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀውም ወገናችን በየዓመቱ ግብሩን አሳውቆ ትርፍ የከፈለውን ይጠብቃል። አይአርኤስ የሚባለው መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር የቀረበን አብዛኛውን ሒሳብ በ21 ቀን ውስጥ እመልሳለሁ ብሎ አሳውቋል። ሰውዬው ባስገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ በስልኩ ማየት ይችላል። ደረጃው ሦስት ነው፦ ደርሶናል፣ ጸድቋል፣ ተልኳል። ከ45 ቀን ካለፈ ወለድ ይታሰብለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን ድጎማ የጠየቁ ሰዎች ተመላሽ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት እንዳይከፈል ሲከለክል እንኳ ቀኑን ቆርጦ ተናግሮ ነው።

ታዲያ አይዘገይም? ይዘገያል እንጂ! በኮቪድ ጊዜ ተቆልሎ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ሚሊዮኖች ሒሳባቸው ሳይታይ ከርሟል። ይህን የምናውቀው ግን እንዴት ነው? እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ የግብር ከፋዩ ጠበቃ የሚባል ክፍል ስላለና በየዓመቱ የገዛ መሥሪያ ቤቱን ገመና ቆጥሮ ለኮንግረስ ስለሚያቀርብ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱም ይበድላሉ፤ ግን በደላቸው ይቆጠራል። የእኛው ስንት ፋይል፣ ስንት ብር፣ ስንት ወር እንደቆየ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ምን ይደረግ?

ነጋዴው በበኩሉ የሚያደርገው አለ። ማመልከቻውን በቃል አይተው፤ በጽሑፍ አስገብቶ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዝ። ቀኑን ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱ ይቁጠር። 90 ቀን ሲሞላ «ቀኑ አልፏል፣ ወለዱም ይታሰብልኝ» ብሎ ሁለተኛ ደብዳቤ ያስገባ። መልስ ካጣ በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም በታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሂድ። የአስተዳደር በደልን እንዲያይ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ደጁ ይንኳኳ። አንድ ነጋዴ ብቻውን ከጮኸ ጥርስ ይነከስበታል፤ የንግድ ምክር ቤትና የላኪዎች ማኅበራት ግን የአባሎቻቸውን ፋይል ዕድሜ ቆጥረው በአንድ ላይ ቢያወጡት ማን ማንን ለይቶ ይቀጣል?

መንግሥትም ሦስት ነገር ያድርግ። ለእያንዳንዱ ተመላሽ ጥያቄ ቁጥር ይስጥና ባለቤቱ በስልኩ የት እንደደረሰ ይይ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ በሰከንድ ማንቀሳቀስ ከቻለ ወሬ ማንቀሳቀስ አያቅትም። ወለዱ በ91ኛው ቀን ሳይጠየቅ በራሱ ይታሰብ፤ መጣኔውም ነጋዴው ከሚከፍለው ጋር እኩል ይሁን። ሦስተኛ፣ «ይህን ያህል ሰበሰብን» በተባለ ቁጥር ከጎኑ «ይህን ያህል የሰው ገንዘብ በእጃችን አለ፣ ይህን ያህል ቀን ሆኖታል» ይባል።

ይሄ ቸርነት አይደለም፤ ልመናም አይደለም። ግብር የሚከፍል ዜጋ ከመንግሥት ጋር ያለው ውል ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛውን ጫፍ ሲጎትቱ ኖሩ፤ አሁን ሌላውንም ይያዙት። የሰው ገንዘብ ይዞ «ሳምንት ተመለስ» የሚል ተራ ተበዳሪ ቢሆን ሽማግሌ ይላክበት ነበር። ተበዳሪው መንግሥት ሲሆን ሽማግሌው ሕግ ነው። ሕጉ 90 ቀን ብሏል። እንቁጠር!