የአይሲቲ ፈተናው ምኑን ነው የሚፈትነው?

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ምሳ ልበላ ስሄድ የእህቴን ልጅ አኩርፋ አገኘኋት። 10ኛ ክፍል ናት። "ምን ሆንሽ?" ስላት የፈተና ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልኝ። አይሲቲ፣ ከ30 አሥራ ሁለት። "አጎቴ፣ ለካ እኔ ኮምፒውተር አይገባኝም" አለች።

ይቺ ልጅ እኮ የእናቷን ሱቅ ሒሳብ የምትይዘው ናት! ስልኳ ላይ ኤክሴል ጭና የገባውን፣ የወጣውን፣ በዱቤ የሄደውን ሁሉ በሠንጠረዥ አስቀምጣለች። ድምሩ ራሱን እንዲሠራ ቀመር ጽፋለታለች። ማንም አላስተማራትም፤ ዩቲዩብ እያየች ነው የለመደችው።

ፈተናውን አገላብጬ አየሁት። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ ስመልሳቸው እንዲህ ዓይነት ናቸው፦ "3ኛው የኮምፒውተር ትውልድ በምን ይታወቃል?"፣ "ከሚከተሉት የግብዓት መሣሪያ ያልሆነው የቱ ነው?"፣ "ኤክሴል ምን ዓይነት ሶፍትዌር ነው?" የመጨረሻውን ተሳስታለች። በየቀኑ የምትሠራበትን ነገር ስሙን ተጠየቀች፣ ስሙን አላወቀችም፣ ዜሮ ተሰጣት።

እኔ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነበርኩ። በተማሪነቴ አይሲቲ ከ90 በታች አምጥቼ አላውቅም። ራምና ሮምን፣ የትውልዶቹን ዓመተ ምሕረት በቃሌ እወጣው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ "አሳይመንቱን በኢሜይል ላኩልኝ" ሲለን ግን ፋይል እንዴት እንደሚያያዝ አላውቅም። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ለልጁ ከፍዬ ነው ያስላክሁት። ያኔ ሰርተፊኬቴ ላይ ያለው ቁጥር ስለ እኔ ምንም እንደማይናገር ገባኝ።

ቃላት መሸምደድ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሜሞሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስልኩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ አይገባውም። ግን ፈተናው ስም ብቻ ከጠየቀ ተማሪው ስም ብቻ ያጠናል፤ መምህሩም ስም ብቻ ያስተምራል። በፈተና የማይመጣ ነገር ክፍል ውስጥ ዕድሜ የለውም።

ጥፋቱን መምህራን ላይ መከመርም ቀላል ነው። አይሲቲ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ስምንት ሴክሽን ያስተምራል፣ በእያንዳንዱ ወደ 60 ተማሪ አለ። ላቡ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 18 ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ዜሮ ይሆናሉ። "የተግባር ምዘናውን እንዴት ነው የምትሞላው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና "ለሁሉም ከ20 አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት እሰጣለሁ" አለኝ። እንደኔ ከዜሮ የሚብሰው ይሄ ነው። የማይችለው እንደሚችል ይነገረዋል፤ የምትችለውም ከማይችለው እኩል ትሆናለች።

በወረቀት ላይ እንዲህ እንዲሆን አልታሰበም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በቀለምም ሆነ በተግባር ትምህርቶች ተከታታይ ምዘና እንዲካሄድ ይላል። አሳቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ትንንሽ የምርጫ ፈተና መደጋገም ሆኖ ቀረ።

ሌላው ዓለምስ? አይሲልስ የሚባል ዓለም አቀፍ ጥናት አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን የኮምፒውተርና የመረጃ አጠቃቀም ችሎታ ይመዝናል። ተማሪው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሥራ ይሰጠዋል፤ መረጃ ፈልግ፣ የሚታመነውን ለይ፣ ለእኩዮችህ የሚሆን ነገር አዘጋጅ ይባላል። በ2018ቱ ዙር ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ አገሮች ደግሞ ኮምፒውተር የሞላላቸው ናቸው። ስለዚህ "የአሁን ልጅ ስልክ ይዞ ነው የተወለደው፣ ምን ይማራል?" የምትሉ ካላችሁ ቆም በሉ። ቲክቶክ ላይ መዋል አንድ ነገር ነው፤ ያየኸው ቪዲዮ እውነት ይሁን ውሸት መለየት ሌላ ነው።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። የትምህርት ቤቱን ማውስ በቅጡ ያልነካ ልጅ የሕይወቱን ትልቅ ፈተና በኮምፒውተር ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። አይሲቲ ላይ የተጻፈለት "18 ከ20" እዚያ አያድነውም።

ታዲያ ኮምፒውተር እስኪሟላ እንጠብቅ? አይመስለኝም። እስኪ በእጃችን ባለው እንጀምር።

አንደኛ፣ ወረቀት ላይም ቢሆን ጥያቄው መቀየር ይችላል። "ኤክሴል ምንድን ነው?" ከማለት የአንድ ሱቅ የሳምንት ሽያጭ ሠንጠረዥ ሰጥቶ "ድምሩ ተሳስቷል፤ ስህተቱ የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው? ቀመሩን አስተካክል" ማለት ይቻላል። አምስት መስመር ኮድ ጽፎ "ይሄ ምን ያወጣል?" ብሎ መጠየቅም እንደዚያው። መብራት አይፈልግም፣ ሽምደዳም አያዋጣውም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ደቂቃ። ተማሪው የሠራውን ይዞ ይመጣል፣ መምህሩ "ይህችን ለምን እንዲህ አደረግሃት?" ይላል። 60 ተማሪ በሁለት ደቂቃ 120 ደቂቃ ነው፤ የ40 ደቂቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ። ለጓደኛዬ ስምንት ሴክሽን 24 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ብዙ ነው፣ አልክድም። ግን ለአንድ ሴሚስተር ተከፋፍሎ የሚቻል ነው፤ የክፍሉ ሌላው ተማሪ በዚያ ሰዓት ጽሑፍ ይሥራ። አሳይመንቱን ከቴሌግራም ያወረደውን፣ ቻትጂፒቲ የጻፈለትንም የሚለየው ይሄው ጥያቄ ነው። መሣሪያ መጠቀሙ ሳይሆን የሠራውን ማስረዳት አለመቻሉ ነው ነጥብ የሚያስቀንሰው።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ይቀማሉ፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ሁሉም ተማሪም ስልክ የለውም። ግን በወር አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አምስት ልጆች ለአንድ ስልክ ሆነው የሚሠሩት ሥራ 18 ኮምፒውተር ላይ ከመጋፋት ይሻላል። ተራ በተራ ስልኩን የሚይዘው ይቀያየር፣ ነጥቡም በያንዳንዱ ልጅ ይያዝ።

የእህቴን ልጅ በመጨረሻ ምን አልኳት? ስሞቹን አጥኚ አልኳት፤ ቀጣዩ ፈተና ሰኞ ነው፣ ያው ዓይነት ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ግን የሱቁን ሠንጠረዥ ለመምህሯ እንድታሳየው ነገርኳት። "ይስቅብኛል" አለች። "አይስቅም፤ ከሳቀም ንገሪኝ" አልኳት።

እናንተም ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ተማሪዎች፣ በእጃችሁ የሠራችሁት ነገር ካለ ለመምህራችሁ አሳዩ። "ይሄስ ነጥብ የለውም ወይ?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መምህራንም እንዲህ የሚጠይቅ ተማሪ ሲመጣ ሠንጠረዡን ከፍታችሁ እዩለት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።